ከመተማ ተልከው ያልደረሱ ደብዳቤዎች

መተማን ያላዩ ሰዎች ስለ መተማ የሚያውቁት ሙቀቷንና ሰሊጧን ነው። እኔም ባለፈው ኅዳር እስክወርድ ድረስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም ነበር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በኅዳር ማለዳ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ላዩ በረዶ የሚያወጣበት አገር ነው። ሥራዬ የኢሜይል ሰርቨር መንከባከብ ስለሆነ ብርዱም ሥራውም ተባብረው ቤት ያስቀምጡኛል። ስለዚህ ምን ከቤት እንዳወጣኝ አስቀድሜ ልናገር።

በኢሜይል ላይ የላኪ ስም መጻፍ በፖስታ ጀርባ ላይ ስም እንደመጻፍ ነው፤ ማንም የማንንም ስም ሊጽፍ ይችላል። አጭበርባሪ በባንክ ስም፣ በትምህርት ቤት ስም፣ በዘመድ ስም ይልካል። ይህን ለማስቆም በተለያየ ከተማ እየኖርን በኢንተርኔት የምንሰበሰብ ጥቂት ባለሙያዎች አንድ ደንብ እያረቀቅን ነበር። ሐሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ድርጅት "በስሜ ደብዳቤ የሚልኩት እነዚህ ማሽኖች ብቻ ናቸው" ብሎ በይፋ ያስታውቃል። ተቀባዩ ደግሞ ደብዳቤ ሲመጣለት ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ያያል፤ ከተነገሩት ካልሆነ ከበር ይመልሰዋል።

ደንቡን ከማጽደቃችን በፊት ፈቃደኛ በሆኑ ድርጅቶች ላይ ሞከርነው። ከነዚያ አንዱ ዋና ቢሮው ጎንደር የሆነ፣ በቆላው ትንንሽ ክሊኒኮች ያሉት የጤና ማኅበር ነው። በስሙ ቫይረስ ያዘለ ኢሜይል እየተበተነ ተቸግሮ ስለነበር ደንባችንን በደስታ ተቀበለ። ሐሰተኞቹ ደብዳቤዎች ወዲያው ቆሙ። እኛም እጅ ለእጅ ባንገናኝም ተጨባበጥን።

ትንሽ ቆይቶ ግን መተማ ዮሐንስ ካለው ክሊኒክ አጭር የስልክ መልእክት ደረሰን። "ደብዳቤያችን ጎንደር አይደርስም፤ እባካችሁ እዩልን" ይላል። ደወልን፤ ኔትወርክ የለም። በማግስቱም ደወልን፤ የለም። በስብሰባችን ላይ "አንድ ሰው ወርዶ ይየው" ሲባል እያንዳንዱ የየራሱን ምክንያት ደረደረ። ምክንያቱ ሁሉ ሲያልቅ "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።

ማክሰኞ

ከጎንደር የተነሳሁት ማለዳ በሚኒባስ ነው። ጠዋቱ ስለበረደኝ ወፍራም ሹራቤን ለብሼ ነበር። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ከጫነው በኋላ ነው ስስ ልብሶቼ ሁሉ እዚያ ውስጥ እንዳሉ የታወሰኝ። ኮምፒውተሬን ብቻ ጭኔ ላይ አስቀርቼዋለሁ። እስከ አይከል ድረስ አልተጸጸትኩም፤ አገሩ የእኛን ይመስላል፣ ጤፉ ቢጫ ነው፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ከአይከል ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ሲይዝ ግን በየጥምዝምዙ አንድ ነገር እየቀረ ሌላ ነገር ይመጣል። ባሕር ዛፉ ቀረ፣ ግራሩ መጣ። ነፋሱ ቀረ፣ አቧራው መጣ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሾፌሩ "አያ ምስጋናው" የሚላቸው የሸሕዲ ገበሬ ነበሩ። ከዳባት በወጣትነታቸው ወርደው ሰሊጥና ማሽላ እያመረቱ እዚያው የቀሩ ናቸው። ላቤ ሲወርድ አይተው፣ "ልጄ፣ ይሄ ሹራብ ሸሕዲ ሳንደርስ ይጨርስሻል" አሉኝ።

"ልብሴ ከላይ ነው አያ" አልኳቸው።

"እንግዲያ መኪናው እስኪቆም ታገሺ።"

መኪናው ብዙ ሳይቆይ ቆመ፤ ጎማ ተነፈሰ። አያ ምስጋናው ከሁሉ ቀድመው ወርደው ረዳቱን፣ "ጎማው እስኪቀየር የዚህችን ልጅ ቦርሳ አውርድላት" አሉት። ቦርሳዬ ሲወርድ ያብረቀርቃል። ከደጋ ለቆላ የተጫነ ቅቤ ቁልቁለቱን ስንወርድ በሙቀቱ ቀልጦ ከቅሉ ፈስሶበታል። ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ከመንገዱ ዳር ካለች ግራር ሥር ነጠላቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ከለሉኝ፤ ቅቤ ብዙም ያልነካውን አንዱን ቀሚስ መርጬ ለበስኩ። አንደኛዋ ሴት አሸተተችኝና "ሠርግ የምትሄጂ ነው የምትመስይው" አለች። የቅቤው ባለቤት ከእኔ ይበልጥ አዝኖ ስለነበር መቆጣት አልቻልኩም።

ሸሕዲ ስንደርስ ሆቴል ፈልጌ ነበር። አያ ምስጋናው ግን ሰምተው እንዳልሰሙ ቦርሳዬን ይዘው ወደ ቤታቸው አመሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ የማሽላ እንጀራ በባሚያ አቀረቡልኝ፤ ከርከዴ የሚሉት ቀይ መጠጥም በጆግ መጣ። ባሚያን ከዚያ በፊት ቀምሼው አላውቅም፤ እንደ ተልባ ይንሸራተታል፣ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ይለመዳል። አልጋዬን ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ዘረጉልኝ። በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ነው፤ አንገረብ ይሉታል። እኛ አገር እንግዳ ሲከበር ብርድ ልብስ ይደረብለታል፤ ወይዘሮ ስንዱ ያከበሩኝ ፍራሹን አንስተው ነው። "ፍራሽ ያቃጥልሻል፤ ገመዱ ያናፍስሽ" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ረቡዕ

መተማ ዮሐንስ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ከተማዋ አንድ ረጅም መንገድ ናት፤ መንገዱ ቁልቁል ሄዶ ድልድይ ላይ ያልቃል፤ ከድልድዩ ማዶ ጋላባት፣ ሱዳን ነው። ክሊኒኩ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ዝቅ ያለ ቤት ነው። ኃላፊዋ ሲስተር ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀበለችኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጇን ስትጨብጥ የምታጠብቅ ሴት ናት።

"መጣችሁ?" አለች፣ ከኋላዬ እያየች።

"እኔ ብቻ ነኝ" አልኳት።

"አንድም ሰው ነው። ግቢ" ብላ ወደ ቢሮዋ ሳይሆን ወደ ታማሚዎች ክፍል ወሰደችኝ።

ጥግ ላይ ካለው አልጋ ይበልጣል የሚባል ሃያዎቹን ያላጋመሰ ወጣት ተኝቷል። ከጎጃም ለአረም ወርዶ፣ ለሰሊጥ አጨዳው ቆይቶ፣ ትኩሳት የያዘው ነው። እጁና እግሩ ከስቶ ሆዱ ብቻ በጣፊያው ተነፍቷል። "ካላዛር ነው" አለችኝ ሲስተር ወደ ውጭ ስንወጣ። "የአሸዋ ዝንብ ነው የሚያመጣው። ሜዳ ላይ የሚያድሩትን ሠራተኞች ነው የሚለቅመው። መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ግን እኛ ጋ ያለው አልቋል። ጎንደር ካለው የማኅበሩ መጋዘን ስጠይቅ ከረምኩ።"

"ምን ይሉሻል?"

"ስልክ ሲሠራልኝ ስደውል 'ጥያቄ አልደረሰንም' ይሉኛል። በቃል አይሰጡም፤ የምርመራው ውጤት ከጥያቄው ጋር በጽሑፍ ይምጣ ይላሉ፣ እሱ ልክ ነው። እኔ ግን ልኬያለሁ፤ ደጋግሜ ልኬያለሁ። እነሱ ሰነፍ ነች ይላሉ፣ እኔ ጨካኞች ናቸው እላለሁ።"

የማኅበሩ መኪና ወደ ቆላ የሚወርደው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ማለት በማግስቱ። ልጁን ራሱን ወደ ጎንደር መውሰድ አይቻልም ወይ ስላት ራሷን ነቀነቀች። "ትናንት አፍንጫው ደምቶ በስንት መከራ ነው ያቆምነው። ያን መንገድ አይችለውም። ሌላ ሐሙስ የሚጠብቅም አይመስለኝም።"

ደብዳቤውን እንዴት እንደምትልክ ጠየቅኋት። "ኔትወርክ ካለ ከዚሁ፤ ከሌለ አብደልቃድር ጋ" አለች። ኢንተርኔቱ ደግሞ ሳምንታት ሆኖታል ከጠፋ፤ ስልኩም የሚሠራው አንዳንዴ ብቻ ነው።

አብደልቃድር ከድልድዩ አቅራቢያ ሱቅ ያለው ሱዳናዊ ነው። ገዳሪፍ ነጋዴ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡን ይዞ ተሻግሮ እዚህ እንደገና ሳሙናና ሻይ ቅጠል መሸጥ ጀመረ። ከማዶ የሚመጣ ደካማ የሱዳን ሞገድ ሱቁ ጣሪያ ላይ በሰቀለው ሽቦ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ደብዳቤዎቹን አጠራቅሞ ሞገድ ባገኘ ቁጥር ይልካል። የጎረቤቱን ሁሉ ደብዳቤ የሚልከው በነጻ ነው።

"እህቴ፣ አንተ ተቀመጥ" አለኝ፤ የስኳር ጆንያ እያደላደለ።

"ለእሱ ሁላችንም 'አንተ' ነን" አለች ሲስተር። "እኔ ለምጄዋለሁ።"

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ። የሲስተር ደብዳቤ የክሊኒኩን ስም እንደያዘ፣ አብደልቃድር ደንበኛ በሆነበት የሱዳን ድርጅት ማሽን በኩል ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ። ደንባችን ይህን ደብዳቤ ሲያይ ጥሩወርቅን አያይም፣ ይበልጣልንም አያይም። የሚያየው በጎንደር ማኅበር ስም ከማይታወቅ ባዕድ ማሽን የመጣ ደብዳቤ ነው። ሐሰተኛ ብሎ ይመልሰዋል።

"ከላክህ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ መልእክት አለ?" አልኩት።

"አለ፣ ብዙ አለ። እንግሊዝኛ ነው። እኔ ማስታወቂያ ነው ብዬ አጠፋለሁ።" ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጥፋት አደረግኩ?"

"አላደረግክም። የተላከልህ ነገር ለአንተ ተብሎ አልተጻፈም" አልኩት። እውነትም ለእሱ የሚሆን አንድ ቃል አልነበረበትም።

በረቂቃችን ላይ "ሸክም ይበዛል" ተብሎ ወደ ጎን የተደረገ ሌላ መንገድ ነበር። ደብዳቤው የመጣበትን ማሽን ከመጠየቅ ይልቅ ደብዳቤው ራሱ ላይ ዲጂታል ፊርማ ማድረግ ነው። ፊርማው የሚደረገው ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ በማንም እጅ፣ በየትም መንገድ ቢሄድ ተቀባዩ አገላብጦ ያረጋግጠዋል። ምናልባት ብዬ የማኅበሩን ፊርማ የሚያደርግ ፕሮግራም ከዋናው ቢሮ ፈቃድ ጋር ይዤ ነበር፤ የጎንደሩም ማሽን ትክክለኛ ፊርማ ካየ እንዲያሳልፍ አስተካክዬ ነው የወጣሁት። ወደ ክሊኒኩ ተመልሰን በሲስተር ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። እሷ ጥያቄዋን እንደገና ጻፈች፣ ውጤቱን አያያዘች፣ ፈረምን፣ በፍላሽ ይዘን በዚያ ፀሐይ ወደ ሱቁ ሄድን።

አብደልቃድር ላከው። ሻይ አቀረበልን። ሻዩን ሳንጨርስ ደብዳቤው ተመልሶ መጣ።

"ምን ይላል?" አለች ሲስተር።

"ከተፈረመ በኋላ ተነክቷል ይላል።" መልሼ መላልሼ አየሁት። የሲስተር ጽሑፍ አንዲት ፊደል አልተለወጠም። ግን ከሥሩ እኛ ያልጻፍነው አንድ መስመር ዐረብኛ አለ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"እሱ? ሰላምታ ነው" አለ አብደልቃድር። "'ሰላም ቤታችሁ ይግባ' ይላል። ልጄ ናት ያደረገችው፣ ገዳሪፍ ሳለን። ለሁሉም ደብዳቤ ራሱ ይጨምራል።" መልሶም፣ "ሰላምታ እንዴት ደብዳቤ ያበላሻል?" አለኝ።

"ፊርማው ሰላምታና ስድብ አይለይም። የተጨመረ ነገር ካለ ተነካ ይላል።"

አብደልቃድር መስመሩን አየው። እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ልጁ አሁን ካይሮ ናት፤ መስመሩን ማጥፋት እንደከበደው ለማየት መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሲስተር ጥሩወርቅ ናት ያቃለለችው። "በኔ ደብዳቤ ላይ ብቻ እንዳይጨምር አድርገው። ሰላምታውን እኔው ጽፌ አብሬ እፈርምበታለሁ። ያኔ የኔ ቃል ነው፤ ማን ይነካዋል?"

እንዳለችው አደረግን። የዐረብኛዋን መስመር አብደልቃድር ራሱ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ በእጁ ጻፈላት። እንደገና ፈረምን፣ እንደገና ላክን። መልሱ ለእሱም አድራሻ እንዲደርስ በደብዳቤው ላይ ጠይቀን ነበር። ሻይ ሳይሆን ፉል አቀረበልን፤ ማናችንም በደንብ አልበላንም። ተመላሽ አልመጣም። ፀሐይዋ ወደ ማዶ ስታዘቀዝቅ ከጎንደር ሁለት መስመር መጣ። "ጥያቄያችሁ ደርሶናል። መድኃኒቱ በነገው መኪና ይላካል።" ሲስተር ሁለት ጊዜ አነበበችውና የስኳሩ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ መኪና ጠበቅን። መጠበቅን በተመለከተ መተማና ደብረ ብርሃን ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ቦታ ሰው በር በሩን ያያል። ይበልጣል አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲነቃ ዓይኑን ሳይገልጥ ነው የሚያወራው።

"እትዬ፣ ከየት መጡ?"

"ከደብረ ብርሃን።"

"ብርድ ነው አሉ።"

"ነው።"

"እኛም አገር ብርድ ነው። ብርድ ይናፍቃል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር።" ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "ሲስተር እርስዎ ደብዳቤ መርማሪ ነዎት አለችኝ።"

"እንደዚያ ነገር ነው።"

"የኔን አሳለፉት?"

"አልፏል" አልኩት።

መኪናው የመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ መንገድ ላይ ኬላው ዘግይቶ ተከፍቷል አሉ። ሾፌሩ የመድኃኒቱን ቀዝቃዛ ሳጥን ከፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስሮ ነው ያመጣው። ሲስተር ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም፤ ሳጥኑን ተቀብላ ገባች። ትንሽ ቆይቼ በመስኮት ሳይ ግሉኮሱ ተሰቅሏል፣ እሷ ከጎኑ ቆማ ጠብታውን ታያለች። አብደልቃድር ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከእኔ ጋር በመስኮቱ ያያል። የዚያን ቀን ያደርኩት አብደልቃድር ቤት ነው። ባለቤቱ ቀሚሶቼን በሙሉ ከቅቤው አጥባ፣ ሳትጠይቀኝ የሱዳን ሽቶ ነስንሳባቸው ጠበቀችኝ።

ዓርብ

በማኅበሩ መኪና ወደ ሽንፋ ሄድኩ። እዚያ ያለው ክሊኒክ አብደልቃድር የለውም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ፍላሹን ለአውቶቡስ ሾፌር ይሰጡና ሸሕዲ ያለ ፎቶ ቤት ይልክላቸዋል። የእነሱም ደብዳቤ አልደረሰም ነበር፤ እነሱ ግን ዝም ብለው ነበር የከረሙት። ፊርማውን ጫንኩላቸው።

በመንገዳችን ሰሊጥ የሚያራግፉ ሠራተኞች አይተን ቆምን። እኛ አገር ገብስ ስንወቃ በሬ እናዞራለን፤ እነሱ የደረቀውን ነዶ ሸራ ላይ ዘቅዝቀው መታ መታ ሲያደርጉት ሰሊጡ እንደ ውኃ ይፈሳል። የወሎ ልጆች ናቸው፤ በመዳፌ ሙሉ ሰጡኝና እስክጨርሰው ድረስ ቆመው አዩኝ። የት እንደሚያድሩ ጠየቅኋቸው። አንዱ በአገጩ ወደ ሜዳው አመለከተኝ። ሾፌሩ ካላዛር ይይዛችኋል፣ አጎበር ያዙ አላቸው። "አጎበሩን የት እንሰቅለዋለን?" አሉት።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲህ

ቅዳሜ ወጣሁ። ሲስተር ጥሩወርቅ ስትሸኘኝ የይበልጣል ትኩሳት እንዳልወረደ፣ ግን እንዳልጨመረም ነገረችኝ። ሸሕዲ ላይ ወይዘሮ ስንዱ ሚኒባሱን አስቁመው በመስኮት አንድ ኪሎ የሚሆን ሰሊጥ አቀበሉኝ። አይከል ስደርስ ሹራቤን ለበስኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ያየሁትን ተናገርኩ። ከመካከላችን በጣም ጠንቃቃ የሆነው ባልደረባችን ሳይቆጣ ነው የተቃወመው። "አጭበርባሪም እኮ ከማይታወቅ ማሽን ነው የሚልከው። ለአንድ ሱቅ ብለን በሩን ብንከፍት እሱም ይገባል" አለ።

"በሩን አንክፈተው" አልኩ። "ሁለት ቁልፍ እናብጅለት እንጂ። ማሽኑ ከታወቀ ይለፍ፤ ማሽኑ ባይታወቅም ፊርማው ትክክል ከሆነ ይለፍ። አጭበርባሪው ሁለቱም የለውም። የመለስነውንም ደብዳቤ በዝምታ አንመልሰው፤ ስሙ ለተጠራው ድርጅት 'በስምህ ከዚህ ቦታ ይህን ያህል መጥቶ መልሰናል' ብለን እናሳውቀው። ጎንደር ይህ ቢነገራቸው ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ሲስተርን ሰነፍ አይሏትም ነበር።"

ክርክሩ ብዙ ስብሰባ ወሰደ። አንዳንዱን ተረታሁ፤ ለምሳሌ ከተፈረመ በኋላ የተጨመረ መስመርን ይቅር የሚል አንቀጽ ፈልጌ ነበር፤ አጭበርባሪ በዚያው ቀዳዳ ይገባል ብለው ጣሉት፣ ልክ ናቸው። ሁለቱ ቁልፍና ማሳወቂያው ግን ደንቡ ውስጥ ገቡ። አዲስ ድርጅት ሲጀምርም መጀመሪያ ማሳወቂያውን ብቻ እያየ እንዲቆይ፣ መመለስን ከዚያ በኋላ እንዲጀምር ተስማማን።

ከመተማ ደብዳቤዎች ይመጡ ጀመር። አብዛኞቹ የሥራ ናቸው፤ ስለ ይበልጣል ስጠይቅ ሲስተር "መርፌውን እየወሰደ ነው" ከማለት አታልፍም። ስለማይሆን ነገር ተስፋ መስጠት የምትወድ ሰው አይደለችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ እሷ ናት።

"ምነው፣ ኢሜይሉ ተበላሸ?" አልኳት።

"አልተበላሸም። ይሄን በአፌ ልነግርሽ ፈልጌ ነው። መሥመሩ እስኪገኝ ጠዋት ጀምሬ እየሞከርኩ ነው" አለች። "ይበልጣል ዛሬ ወጣ። እስከ አውቶቡሱ በእግሩ ሄደ። ቦርሳውን ልያዝልህ ስለው እምቢ አለኝ።"